ደብረ ብርሃን ላይ ሜታል ሃላይድ አምፖል በአኳሪየም (የዓሣ ገንዳ) ክዳን ውስጥ፦ ፋን ያስፈልገዋል ወይ?

የጠባሴው
ጤና ይስጥልኝ። አኳሪየሙ 120 በ50 በ50 ሳንቲ ነው፤ ወደ 300 ሊትር ይይዛል፣ ተክል የበዛበት። ክዳኑ ከ18 ሚሊ ኮምፔርሳቶ የተሠራ ሲሆን ቁመቱ 30 ሳንቲ ነው። የሚገጠሙት ሁለት ባለ 150 ዋት ሜታል ሃላይድ ናቸው፣ በሁለቱም ጫፍ የሚሰካው ዓይነት። አምፖሉ ከውሃው ምን ያህል ይራቅ? ባላስቱስ (ለአምፖሉ ኮረንቲውን የሚመጥነው ዕቃ) ክዳኑ ውስጥ ቢገባ ምን ችግር አለው? አገሩ ብርድ ስለሆነ ያለ ፋን ይሆናል የሚሉም አሉ፤ እውነት ነው?

ሽቦና ብሎን
ከመጨረሻው ልጀምር፤ ብርዱ አያታልህ። ቤቱ ቢቀዘቅዝም 300 ዋት በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ሲበራ መውጫ ይፈልጋል። በዚያ ላይ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ከሩብ በላይ ያንሳል። አየሩ ስስ ስለሆነ ፋኑ እኩል ቢሽከረከርም ይዞት የሚሄደው ሙቀት ያነሰ ነው። ስለዚህ አንድ ይበቃል በተባለበት ሁለት ግጠም፦ ባለ 12 ሳንቲ፣ በ12 ቮልት የሚሠራውን የኮምፒውተር ፋን።

ውሃው ከመስታወቱ ጠርዝ 4 ሳንቲ ዝቅ ካለ አምፖሉን ከጠርዙ 18 ሳንቲ ከፍ አድርገህ እሰረው። ከውሃው 22 ይርቃል፣ ከላይኛው እንጨት ደግሞ 10 ገደማ ይተርፈዋል። በእንጨቱና በአምፖሉ መሃል የአሉሚኒየም ላሜራ ይግባ፤ ግን ከእንጨቱ ጋር አታጣብቀው፣ 1 ሳንቲ ክፍተት ተውለት። ከተጣበቀ ሙቀቱን ለእንጨቱ ያቀብለዋል፤ ከአምፖሉ በላይ ቡናማ ክብ ካየህ ኮምፔርሳቶው እየተቃጠለ ነው ማለት ነው።

ባላስቱ በፍጹም ክዳኑ ውስጥ አይግባ። ከባድ ነው፣ ይሞቃል፣ እርጥበትም ይገድለዋል። ግድግዳ ላይ፣ ቀዳዳ ባለው የላሜራ ሳጥን ውስጥ እሰረው። ኢግኒተሩን (አምፖሉን የሚያስነሳውን ዕቃ) ግን ላዩ ላይ ከተጻፈው ርቀት በላይ ከአምፖሉ አታርቀው። ሲያስነሳ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ስለሚልክ ወደ ፖርታ ላምፓዳው የሚሄደው ሽቦ ሙቀትና ቮልት የሚችል፣ የሲሊኮን ልባስ ያለው ይሁን። ተራው ሽቦ ይደርቅና ይሰነጠቃል።

አንድ የማልደራደርበት ነገር አለ። ላሜራውና የባላስቱ ሳጥን የመሬት ሽቦ ይኑራቸው፤ መስመሩም በ30 ሚሊ አምፒር ፍሳሽ በሚቆርጥ ብሬከር ይለፍ። ገመዱ ከሶኬቱ በታች ወርዶ ታጥፎ ይውጣ፣ ጠብታ ቢመጣ እጥፉ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም።

የቆላ ዓሣ
ከላይ የተባለው ልክ ነው፤ ዋናው ግን መስታወቱ ነው። የዚህ አምፖል የራሱ ልባስ አልትራ ቫዮሌቱን በበቂ ስለማያስቀር ከፊቱ መስታወት ያስፈልገዋል። ካልሆነ ዓይንም ይጎዳል፣ ተክሉም ይቃጠላል። 5 ሚሊ ቴምፐርድ (በሙቀት የተጠነከረ መስታወት) አሠራ፤ ተራ መስታወት ሞቆ ሳለ ዓሣ ውሃ ቢረጭበት ይፈነዳል። ቴምፐርድ ከተጠነከረ በኋላ ስለማይቆረጥ ልኩን ቀድመህ ስጥ፣ ዙሪያውንም ለመለጠጫ 3 ሚሊ ቀንሰህ። በአሉሚኒየም አንግል ላይ አስቀምጠው እንጂ በሲሊኮን አትለጥፈው፤ በየሳምንቱ ወጥቶ መወልወል አለበት።

መስታወቱ ክዳኑን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ከላይ አምፖል፣ ከታች ውሃ። ፋኑ የላይኛውን ክፍል ብቻ ያናፍስ፣ ከአንዱ ጎን የቤቱን ደረቅ አየር ያስገባ፣ በሌላው ይውጣ። ከውሃው ላይ እንፋሎት የሚመጥ ፋን ዝጎ ይቆማል። ሸዋ ሮቢት ቢሆን 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ሌላ ፋን በውሃው ፊት ላይ እናስነፍስ ነበር፤ ትነቱ ውሃውን ያቀዘቅዛል። ደብረ ብርሃን ላይ ይህ ማሞቂያውን በከንቱ ማድከም ነው።

ሌሊት ደግሞ ጤዛ አለ። ውሃው 25 ዲግሪ ሆኖ ቤቱ ሲበርድ እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ውሃ ይሆናል። የኮምፔርሳቶውን ውስጡንና በተለይ የተቆረጠውን ጠርዝ ሦስት ጊዜ የዘይት ቀለም ቀባው፤ የሚያብጠው ከጠርዙ ነው። ሽታው ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ አትክደነው።

የጠባሴው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመለስ አምፖሉ አልነሳ ቢልስ? አሁንም አልረፈደም፣ በኤልኢዲ ፓውዛ ብቀይረውስ?

ሽቦና ብሎን
የጋለ ሜታል ሃላይድ ሳይበርድ አይነሳም፤ 10 ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል። እስከዚያ ኢግኒተሩ በከንቱ እየመታ ያረጃል። መብራት ሲመለስ ዘግይቶ የሚለቀውን የፍሪጅ መከላከያ አስገባበት፣ የሚዘገይበትን ጊዜ ረዘም ማድረግ የሚቻለውን ምረጥ።

ኤልኢዲ እኔም እመርጣለሁ፣ ገና ካልገዛህ። ርካሹን ያለ ድራይቨር (ኮረንቲውን ለኤልኢዲው የሚመጥነው ዕቃ) የሚሠራውን ፓውዛ ግን አትንካ። በእሱ 220 ቮልቱ ቀጥታ ቺፑ ያለበት ሰሌዳ ላይ ነው የሚደርሰው፤ ከውሃ በላይ መስቀል አደጋ ነው። የተለየ ድራይቨር ያለው፣ ባለ 50 ዋት ሁለት፣ ከነወፍራም የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣው ይሁን፤ ድራይቨሩም ከክዳኑ ውጭ።

የቱንም ብትመርጥ በቀን 5 ሰዓት ብቻ ጀምር፣ ከ4 እስከ 9 ሰዓት። ከዚያ በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት እየጨመርክ በቀን 8 ሰዓት ሲሞላ አቁም። ባንድ ጊዜ ከጨመርክ ተክሉ ሳይሆን አልጌው ነው የሚያድገው።

የቆላ ዓሣ
በሜታል ሃላይዱ ከቀጠልክ በየሦስት ወሩ መስመሩን ቆርጠህ፣ አምፖሉ ከበረደ በኋላ ነቅለህ የፖርታ ላምፓዳውን መንካኪያ እይ። አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር ከያዘ ቀይረው፤ እዚያ ነው ሙቀቱ የሚጀምረው። አምፖሉን በባዶ እጅ ከነካኸው በአልኮል ጠርገው፣ የጣት ቅባት መስታወቱን ያበላሸዋል።