እማዬ ክሩዝ ልትሄድ ነው፣ ጾም ላይ ናት፤ ምግቡና ኢንሹራንሱ እንዴት ነው?

ጣና ዳር፦
ሰላም የጎጃም ልጆች እንዴት ናችሁሳ። መርከብ ላይ የሄደ ወይ ቤተሰብ የወሰደ ካለ ሳትሰስቱ ንገሩኝ። እህቴ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው፣ ኅዳር መጨረሻ ላይ ከማያሚ ተነስቶ ባሃማስና ሜክሲኮ ደርሶ የሚመለስ የ7 ሌሊት ክሩዝ ለራሷ ለባለቤቷና ለሁለት ልጆቿ ልትይዝ ነው፣ እማዬም ያኔ እሷ ዘንድ ስለምትሆን አብራን ትሂድ ብላለች። የምግቡንና የኢንሹራንሱን ነገር አንተ አጣራ ተብያለሁ፣ እዚህ ባሕር ዳር ደግሞ የምጠይቀው ሰው አጣሁ፣ እኛ ጋ መርከብ ሲባል ጎርጎራ የሚሄደው ነው ሁሉም የሚያውቀው።

እማዬ 68 ዓመቷ ነው፣ የደብረ ኤልያስ ሰው ናት፣ ነቢያትን 9 ሰዓት ሳይሆን እህል ውኃ አትቀምስም፣ ዓሣም አትበላም። ደም ግፊት አለባት፣ መድኃኒት በየቀኑ ትወስዳለች። ያ ሁሉ ዶላር ተከፍሎ ዳቦና ሙዝ እየበላች እንድትመለስ አልፈልግም። ደግሞ ኩባንያው ገና ሳይከፈል የመጠጥ ፓኬጅ ግዙ፣ ልዩ ሬስቶራንት ግዙ፣ ኢንሹራንስ ጨምሩ እያለ ነው፣ የትኛው ነው የሚጠቅመው የትኛውስ ነው ገንዘብ ማባከን?

የቡሬዋ፦
እንኳን ደስ አላችሁ ወንድሜ። እኔ ዳላስ ነኝ፣ እናትና አባቴን ከጋልቨስተን ወደብ በመርከብ ወስጃቸዋለሁ፣ ሁለቱም ጾመኞች ናቸው ስለዚ የምግቡን በደንብ ልንገርህ።

በትኬቱ የሚካተተው ብዙ ነው። አስተናጋጅ የሚያቀርብበት ትልቁ ዳይኒንግ ሩም አለ፣ ቡፌ አለ፣ ውኃ ሻይ ተራ ቡና አለ፣ ይሄ ሁሉ ተከፍሎበታል። ተጨማሪ የሚከፈልባቸው ስቴክ ቤት ሱሺ ቤት ምናምን ለእማዬ ምንም አያደርጉላትም፣ እህትህና ባሏ አንድ ማታ ልጆቹን ለእማዬ ትተው ይሂዱ ካላችሁ ጥሩ፣ ለሁሉም ሰው ፓኬጅ መግዛት ግን ብክነት ነው።

ለጾመኛ ቡፌው ላይ አትተማመኑ። አትክልት ታያለህ ግን ቅቤ ይግባበት አይግባበት አታውቅም፣ ሩዙም ሾርባውም እንደዛው ነው፣ የቆመውን ልጅ ብትጠይቀውም እሱ አላበሰለውም። ዋናው ነገር ዳይኒንግ ሩሙ ነው። እህትህ ቡክ ስታደርግ በእማዬ ስም ቪጋን ብላ ታስመዝግብ፣ ቬጀቴሪያን እንዳትል፣ ቬጀቴሪያን ካለች እንቁላልና አይብ ነው የሚመጣላት። ከዛ የመጀመሪያው ማታ ላይ የአስተናጋጆቹን አለቃ ታስጠራ። እኛ ጋ የነበረው ሰውዬ፣ እናቴ ሥጋ ወተት ቅቤ እንቁላል ዓሣ እንደማትነካ በጣቴ እየቆጠርኩ ስነግረው ደብተሩ ላይ ጻፈው፣ ከዛ በኋላ በየማታው ራት ስንጨርስ የነገውን ሜኑ ይዞ ይመጣና እናቴ ጎን በርከክ ብሎ ይሄን በዘይት እናሠራላታለን፣ ያኛው ሾርባ ክሬም አለው ይቅርባት፣ እያለ ያስመርጣታል፣ እኔ እተረጉማለሁ። በማግስቱ ስንቀመጥ የሷ ሳህን ተለይቶ ይመጣል። ይሄ አንድ ሳንቲም ተጨማሪ አያስከፍልም፣ ማንም ግን ካልጠየቅህ መጥቶ አይነግርህም።

ሌላው የሕንድ ምግብ ነው። ካርኒቫልም ሮያል ካሪቢያንም የሚባሉት የክሩዝ ኩባንያዎች መርከብ ላይ የሕንድ የአትክልት ምግብ ታገኛለህ፣ ምስሩ ሽምብራው በቅመም ተሠርቶ፣ አባቴ እሱን ካገኘ በኋላ ሌላ አልፈለገም። ግን ሕንዶች ወተትና ቅቤ ስለሚጠቀሙ እሱንም ያለወተት በሉ።

ሰዓቱን ደግሞ አስቡበት። የቡፌው ምሳ ብዙ ጊዜ 9 ሰዓት አካባቢ ነው የሚነሳው፣ እማዬ ጾሟን ስትፈታ ትሪው እየተነሳ ሊሆን ይችላል። ራት ላይ ብዙ መርከቦች ሁለት ዙር አላቸው፣ የመጀመሪያው 11 ሰዓት ተኩል ወይ 12 ሰዓት ላይ፣ ሁለተኛው ማታ 2 ሰዓት ወይ 2 ተኩል ላይ። የመጀመሪያውን ያዙ። ያኔ 9 ሰዓት ላይ በፍራፍሬና በዳቦ ትፈታለች፣ ትንሽ ቆይታ ደህና ራት ትበላለች።

ነርሷ ከሜሪላንድ፦
የቡሬዋ ስለምግቡ ጨርሳዋለች። እኔ የፍኖተ ሰላም ልጅ ነኝ፣ ሆስፒታል ነው የምሠራው፣ ስለኢንሹራንሱ እባክህ ወንድሜ በደንብ ስማኝ። ከሁሉም ነገር ገንዘብ የሚገባው እሱ ላይ ነው። የመጠጡን ፓኬጅ ተዉትና ያንን ብር እዚህ ላይ አድርጉት።

መርከቡ ላይ ክሊኒክ አለ፣ ሐኪምም ነርስም አለ፣ ግን ክፍያው እንደ ግል ክሊኒክ ነው፣ ሂሳቡ ካቢኑን፣ ማለት የመርከቡን መኝታ ክፍል፣ በያዘው ሰው ካርድ ላይ ይገባል፣ ኢንሹራንስ ቢኖርም መጀመሪያ ትከፍላላችሁ ከዛ በደረሰኝ ታስመልሳላችሁ። ስለዚ ዝርዝር ደረሰኝና የሐኪሙን ጽሑፍ ሳትይዙ ከመርከቡ እንዳትወርዱ። ከሁሉ የሚከብደው ግን ሕመሙ ከክሊኒኩ አቅም በላይ ከሆነ ነው፣ በሄሊኮፕተር ወይ በአምቡላንስ አውሮፕላን ማውጣት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሊጠይቅ ይችላል። ኢንሹራንስ ስታዩ መጀመሪያ ይሄን ነው የምታዩት፣ ሜዲካል ኢቫኩዌሽን ስንት ድረስ ይሸፍናል? የጠፋ ሻንጣ ምናምን በኋላ ይደርሳል።

አሜሪካ የሚኖሩ አባትና እናት ያላችሁም ልብ በሉ፣ ሜዲኬር (መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ) አለን ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ሜዲኬር መርከብ ላይ የሚከፍለው መርከቡ አሜሪካ ወደብ ላይ ሲሆን ወይ ከአሜሪካ ወደብ ከ6 ሰዓት በላይ ሳይርቅ ነው፣ ከዛ ካለፈ በራሳችሁ ናችሁ።

እማዬ ጎብኚ ስለሆነች የሷ ለየት ይላል። ለአሜሪካ ነዋሪ የሚሸጠው ሁሉ ለሷ አይሆንም፣ ለጎብኚ ወላጆች የሚሸጠው ደግሞ አንዳንዱ አሜሪካ ምድር ላይ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ባሕር ላይና ሌላ አገር ላይ ይሠራል ወይ ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። የደም ግፊቷ ነገርም አለ። ከበፊት የነበረ ሕመም ብዙ ኢንሹራንስ አይሸፍንም፣ ወይ ድንገት ሲብስ ብቻ ነው በተወሰነ መጠን የሚሸፍነው። ለነዋሪዎች በሚሸጠው ላይ የመጀመሪያውን ዲፖዚት ከከፈላችሁ በ14 ወይም በ21 ቀን ውስጥ ከገዛችሁ ይሄን ክልከላ የሚያነሱ አሉ፣ ስለዚ እህትህ ለራሷ ቤተሰብ ስትገዛ አታዘግየው። መድኃኒቷን ከነማዘዣው በእጅ ቦርሳ ትያዝ፣ ለወደብ ተቀባዮች በምትሰጡት ሻንጣ ውስጥ እንዳታደርጉት፣ ሻንጣው ካቢን እስኪደርስ ማታ ሊሆን ይችላል። ደግሞ ምግቡ ጨው ይበዛበታል፣ ለዛ የአስተናጋጅ አለቃ ጨው ቀንሱላት ማለት ይቻላል።

ዳሞት፦
ስለፓኬጁ ትንሽ ልቃወም። ሁሉም ፓኬጅ ብክነት አይደለም። ልጆቹ ለስላሳ የሚወዱ ከሆነ የለስላሳው ፓኬጅ ያዋጣል፣ በየጊዜው አንዳንድ እየገዛችሁ 7 ቀን ሙሉ ከምትጨቃጨቁ። የአልኮሉ ግን ሮያል ካሪቢያን ላይ አንድ ካቢን ውስጥ አንድ አዋቂ ከገዛ ሌላውም አዋቂ መግዛት አለበት፣ እማዬ ከነሱ ጋ አንድ ካቢን ከሆነች ይሄን አስሉ።

ሌላው ቲፕ ነው። በየቀኑ በሰው ከ16 እስከ 20 ዶላር አካባቢ ራሱ ይቆረጣል፣ ልጆቹም ይቆጠራሉ፣ ለ5 ሰው ለ7 ሌሊት ደህና ብር ነው፣ ከዋጋው ላይ ደምራችሁ አወዳድሩ። አንዳንዴ ቡክ ስታደርጉ መርከቡ ላይ የሚወጣ ክሬዲት ይሰጧችኋል፣ የማይመለስ ዓይነት ከሆነ የመጨረሻው ሌሊት ሳያልፍ ጨርሱት፣ ብዙ ጊዜ ለቲፑም ይሆናል። የኩባንያው የደንበኝነት አባልነት ደግሞ ነፃ ነው፣ ሁሉንም በየስማቸው አስመዝግቡ፣ ነጥቡ ብዙ ጊዜ በሌሊት ነው የሚቆጠረው፣ ለአንድ ጉዞ ብዙ አይጠብቁ ግን ለሚቀጥለው ይቆያል።

ትኬት ቢሮ ባሕር ዳር፦
ቆይ ቆይ፣ ምግቡም ኢንሹራንሱም በኋላ ይደርሳል፣ ማንም ቪዛውን አልጠየቀም። እኔ እዚሁ ባሕር ዳር ትኬት ቢሮ ነው የምሠራው፣ የእናትህ ቪዛ ስንት ጊዜ መግቢያ ነው? ኤንትሪስ የሚለው ሥር ኤም የምትል ፊደል ካለች ብዙ ጊዜ ትገባለች። ከ2017 ሐምሌ ወዲህ ለኢትዮጵያውያን ጎብኚዎች የሚሰጠው ግን የሦስት ወር ነጠላ መግቢያ ሆኗል። መርከቡ ማያሚ ተነስቶ ማያሚ ቢመለስም ባሃማስ ከደረሰ ከአሜሪካ እንደወጣች ነው የሚቆጠረው፣ ስትመለስ በዛ ቪዛ መግባት አትችልም። ሜክሲኮና ካናዳ ብቻ ደርሶ ከ30 ቀን በታች ለሚመለስ ሰው ልዩ ደንብ አለ፣ ባሃማስ ከገባበት ግን ለጎብኚ ቪዛ አይሠራም፣ በዛ ተመክታችሁ እናታችሁን ወደብ ላይ እንዳታንከራትቱ። ኩባንያው ወረቀት ጎደለ ብሎ ካላሳፈረ ብሩን አይመልስም፣ ኢንሹራንሱም ይሄን አይሸፍንም።

ቪዛዋ ደህና ከሆነ ደግሞ የቢጫ ወባ ካርዷን ትያዝ፣ ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው ላይ የሚጠይቁ የካሪቢያን አገሮች አሉ።

ጣና ዳር፦
እግዜር ይስጣችሁ ሁላችሁም። ትኬት ቢሮ ወንድሜ አንተ ባትጽፍ ጉድ ሆነን ነበር። ፓስፖርቷን አውጥቼ አየሁት፣ ነጠላ ነው። ለእህቴ ወዲያው ደወልኩላት፣ ደግነቱ ገና ዲፖዚት አልከፈለችም። አሁን እሷ እማዬን ትቼ አልሄድም ብላለች፣ እማዬ ደግሞ በኔ ምክንያት ልጆቹ እንዳይቀርባቸው እያለች ነው። ከአሜሪካ የማይወጣ መርከብ የለም?

ትኬት ቢሮ ባሕር ዳር፦
አለ እንጂ። ኖርዊጂያን ክሩዝ ላይን ፕራይድ ኦፍ አሜሪካ የምትባል መርከብ አለችው፣ ከሆኖሉሉ ተነስታ የሃዋይ ደሴቶችን ብቻ ዞራ በ7 ሌሊት ትመለሳለች፣ የአሜሪካ ባንዲራ ስላላት ሌላ አገር ወደብ መንካት አያስፈልጋትም። አብዛኛው መርከብ ግን የውጭ ባንዲራ ስላለው፣ ማለት ሌላ አገር ስለተመዘገበ፣ በአሜሪካ ሕግ የግድ የውጭ ወደብ መንካት አለበት፣ ለዛ ነው ሁሉም ባሃማስ ምናምን የሚገባው። አላስካ የሚሄዱትም ብዙዎቹ ካናዳ ይገባሉ፣ እነሱን ተዉ። የሃዋዩ ከካሪቢያኑ ይወደዳል፣ ከቨርጂኒያም በረራው ሩቅ ነው፣ መርከቡ ከሚነሳበት ቀን በፊት ባለው ቀን ሆኖሉሉ ግቡ፣ አውሮፕላን ቢዘገይ መርከቡ አይጠብቃችሁም።

ነርሷ ከሜሪላንድ፦
በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው። ሃዋይ ከሆነ ለጎብኚ ወላጆች የሚሸጠው ኢንሹራንስ ይሠራላታል ነገሩም ይቀላል፣ ግን መርከብ ላይ እያለችም እንደሚሸፍን አሁንም በጽሑፍ ጠይቁ። አሜሪካ ነው ብላችሁ ደግሞ አትተዉት፣ እዚህ አንድ ሌሊት ሆስፒታል መተኛት ስንት እንደሆነ በየቀኑ አያለሁ። የሚገዛው ክሩዙን ብቻ ሳይሆን ከአዲስ አበባ ከምትነሳበት እስከምትመለስበት ቀን ድረስ ይሁን። ዕድሜዋ 70 ሳይሞላ መሄዷም ጥሩ ነው፣ ከ70 በላይ ሲሆን ዋጋው ይጨምራል የሚሸፍነው ይቀንሳል።

ጣና ዳር፦
እህቴ ተስማምታለች፣ ሃዋይን እያየች ነው። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ለየቡሬዋ፣ እማዬ ጀበናዋን ይዤ ሄጄ ካቢን ውስጥ ቡና አፈላለሁ፣ ዕጣንም አጨሳለሁ ብላለች። በሶም እያዘጋጀች ነው።

የቡሬዋ፦
ጀበናው ይቅር እትዬ በላት በእርጋታ። ማሞቂያ ያለው ነገር፣ ምድጃ፣ ሻማ፣ ዕጣን፣ ሁሉም ካቢን ውስጥ ክልክል ነው፣ መርከብ ላይ ከሁሉ የሚፈራው እሳት ነው፣ ሻንጣ ሲፈተሽ ካገኙ ይወስዱታል። ቡናውን በእህትህ ቤት ከመነሳታቸው በፊት ታፍላላቸው፣ ሲመለሱም እንደዛው።

በሶው ግን ይጠቅማታል፣ በተለይ 9 ሰዓት ላይ። ቤት የተዘጋጀ ምግብ መርከብ ላይ አያስገቡም፣ በፋብሪካ የታሸገ ደረቅ ነገር ግን ያሳልፋሉ፣ ስለዚ ከሱቅ የታሸገውን ግዙላት፣ ሳይከፈት ይሁን። ሃዋይ ስትገቡ የእርሻ ውጤት መመዝገቢያ ፎርም ትሞላላችሁ፣ ያላችሁን ጻፉበት አትደብቁ። ፈላ ውኃው ቡፌው ጋ በነፃ አለ፣ ስኳሩም አለ፣ ባዶ ኩባያና ማንኪያ ይዛ ትሂድ።