ሳፍሮን ለመርሳት ይረዳል ወይ? የእናቴ ጉዳይ ነው

ጠያቂ፣ አራት ኪሎ

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 72 ዓመታቸው ነው፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ ነገር መርሳት አብዝተዋል። ባለፈው እሑድ ቡና ቆልተው፣ አስወቅጠው፣ ጀበናውን ከጣዱ በኋላ ተመልሰው ሌላ ቡና ማጠብ ሲጀምሩ አይቼ ደነገጥኩ። ከዱባይ የመጣች የአክስቴ ልጅ ሳፍሮን የተባለ ቀይ የቅመም ክር በትንሽ ብልቃጥ አምጥታ «ለአእምሮ መድኃኒት ነው፣ በወተት እያፈላሽ ስጫቸው» አለችኝ። እናቴ ለስኳር ሕመማቸው ሜትፎርሚን መውሰድ ከጀመሩ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። ሳፍሮን በእርግጥ ማስታወስን ያሻሽላል ወይ? ጎረቤታችን ደግሞ «ይህ እኮ እርድ ነው» ብለው ስለሳቁብኝ፣ እውነተኛውን የምለይበትን መንገድ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ፋርማሲስት፣ ካዛንቺስ

ጥናት አለ፤ ነገር ግን ትንሽ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ኢራን ውስጥ ከተሠሩት በአንዱ፣ ቀላልና መካከለኛ የአልዛይመር ሕመም (እየባሰ የሚሄድ የመርሳት በሽታ) ያለባቸው 46 ሰዎች ለ16 ሳምንታት ክትትል ተደርጎላቸዋል፤ በቀን 30 ሚሊ ግራም ሳፍሮን የወሰዱት፣ ባዶ እንክብል ከተሰጣቸው ይልቅ በማስታወስና በማሰብ መመዘኛ የተሻለ ውጤት አሳይተዋል። በሌላው 54 ሕሙማን ለ22 ሳምንታት ሲታዩ፣ ሳፍሮን ዶኔፔዚል ከተባለው የታወቀ መድኃኒት ጋር ተቀራራቢ ሆኖ፣ ማስታወክ ግን አንሶበታል። ይህን ሰምቶ መደሰት ይቻላል፤ ሆኖም ዶኔፔዚል ራሱ ምልክቱን ለጊዜው የሚያቀል እንጂ በሽታውን የሚያቆም አለመሆኑ መዘንጋት የለበትም። በቤተ ሙከራ፣ ክሮሲን የተባለው የሳፍሮን ቀለም በአልዛይመር ሕሙማን አንጎል ውስጥ የሚከማቸው ፕሮቲን እንዳይጓጉል ሲያግድ ታይቷል፤ ከብርጭቆ ቱቦ እስከ ሰው አንጎል ግን ሩቅ ነው።

እኔን ያሳሰበኝ ሜትፎርሚኑ ነው። ለዓመታት ሲወሰድ ሰውነት ቫይታሚን ቢ12 የመውሰድ አቅሙን ይቀንሳል፤ የዚህ ቫይታሚን እጥረት ደግሞ መርሳትንና የእግር መደንዘዝን ያመጣል፣ በጊዜ ከተደረሰበትም በመርፌ ወይም በኪኒን ይታከማል። ስለዚህ ከወተቱ በፊት የቢ12 እና የታይሮይድ ምርመራ ያሠሩላቸው። ዋርፋሪን ወይም ሌላ የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ሳፍሮኑን ሐኪም ሳያማክሩ አይስጧቸው።

ቅመም ነጋዴ፣ መርካቶ

እርድ ሥር ነው፤ ሳፍሮን ግን የአበባ እምብርት ክር ስለሆነ ጎረቤትዎ ተሳስተዋል። ከአንድ አበባ የሚገኘው ሦስት ክር ብቻ ነው፤ አንድ ኪሎ ለመሙላት 150,000 ያህል አበባ ይለቀማል፣ ዋጋው የሚንረውም ለዚህ ነው። ማታለያው እርድ ሳይሆን ሱፍ ነው፤ ያው ለጾም ፍትፍት የምናደርገው፣ የአበባው ቅጠል ሲደርቅ ብርቱካናማ ቀይ ይሆናል። እኔም ራሴ አንድ ጊዜ ግማሽ ኪሎ «ሳፍሮን» ገዝቼ ሙሉው ሱፍ ሆኖብኛል። ጥቂት ክር ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ይጨምሩ፦ እውነተኛው ውኃውን ቀስ እያለ፣ ከአሥር ደቂቃ በላይ ወስዶ፣ ወርቃማ ቢጫ ያደርጋል፣ ክሩ ግን ቀይ እንደሆነ ይቆያል። ቀለም የተነከረው ወዲያው ቀይ ለቅቆ ራሱ ይነጣል። የእውነተኛው ክር አንድ ጫፍ እንደ ጡሩምባ ይሰፋል፣ ሲቀምሱትም ይመራል።

ተሳታፊ፣ ፒያሳ

አባቴ ለሦስት ወር ጠጥተው መርሳቱ ባይለወጥም ስሜታቸው ፈካ ብሎላቸው ነበር።

ፋርማሲስት፣ ካዛንቺስ

ይህ አያስገርምም፤ ሳፍሮን በቀላልና በመካከለኛ ድባቴ ላይ ስላለው ጥቅም የተደረጉት ጥናቶች በአልዛይመር ላይ ከተደረጉት ይበልጣሉ። በዕድሜ በገፉ ሰዎች ዘንድ ደግሞ ድባቴ ራሱ መርሳት መስሎ ይታያል። መጠኑን በሚመለከት፣ 30 ሚሊ ግራም በክር ሲቆጠር አሥራ አራት ቢሆን ነው፤ በጥናቶቹ የተሰጠው ግን የተጣራ እንክብል ስለነበር ሁለቱ እኩል አይደሉም። ከአምስት ግራም በላይ መውሰድ ይመርዛል።

ጠያቂ፣ አራት ኪሎ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ክሩን ለብ ባለ ውኃ ሞከርኩት፤ ሩብ ሰዓት ገደማ ከቆየ በኋላ ውኃው ቢጫ ሆነ፣ ክሩ ግን አልነጣም። እናቴን ስጠይቃቸው ደግሞ እግራቸው መደንዘዝ የጀመረው ከፋሲካ በፊት እንደሆነ፣ «እርጅና ነው» ብለው እንዳልነገሩኝ አወቅሁ። ማክሰኞ ጠዋት ለደም ምርመራ እንሄዳለን፤ ብልቃጡን እስከዚያው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ።