ረቂቅ ፕሮፖዛል፦ ስስ ፎይል፣ ሌዘርና ራጅ (እስከ ቅዳሜ አስተያየት ስጡበት)

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው እንደተባባልነው የጋራ ፕሮፖዛሉን እዚሁ እንጻፈው። የመጀመሪያውን ረቂቅ እኔ ሞክሬዋለሁ፤ ሳትራሩ ቁረጡት። እንዲህ ይላል፦ «ማህበራችን በጅማ ከተማ ስስ የብረት ፎይልን በሌዘር በመምታት ከፍተኛ ብቃት ያለው የራጅ ምንጭ ያመርታል። ምንጩም ለከተማችን ሆስፒታሎች አገልግሎት ይውላል።» የበጀቱን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ። ቁጥሩን ለመጻፍ እጄ እምቢ አለኝ።

የራጅ ባለሙያዋ፦
ወንድሜ፣ አትቀየመኝና ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ይውጣ። የቲታኒየም ፎይል በሌዘር ሲግል የሚሰጠው ራጅ 4.7 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የራጅ ጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ነው። ይሄ ሥጋ ውስጥ አንድ ሚሊ ሜትር ሳይዘልቅ አብዛኛው ተውጦ ይቀራል። እኛ ደረት ስናነሳ ማሽኑን ብዙ ጊዜ ከ100 ኪሎ ቮልት በላይ ነው የምናደርገው። በዚህ ሳንባ እናያለን ብንል ገምጋሚው ይስቅብናል።

ስለ ብቃት ያልከው ግን ይቆይ። የኛ ራጅ ማሽን ቱቦ ኤሌክትሮኖቹን ተንግስተን የሚባለው ብረት ላይ ሲወረውር ራጅ የሚሆነው ከመቶ አንድ እጅ ያህሉ ነው። የቀረው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። በፊት የሠራሁበት አንድ ቦታ ወረፋው ሲበዛ ቱቦው ይግልና «ይቀዝቅዝ» እያልን ሰው ደጅ እናስቀምጥ ነበር። አንዲት እናት «ማሽንም ይደክመዋል እንዴ ልጄ?» አሉኝ። በደንብ ነው የሚደክመው።

ተማሪ፦
ይቅርታ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ፎይሉ ለምን ስስ ይሆናል? ወፍራም ብረት ብዙ አተም ስላለው ብዙ ራጅ መስጠት አልነበረበትም?

መምህር፦
ጎበዝ፣ የፕሮፖዛሉ ልብ እሱ ነው። ወፍራም ብረት ላይ ሌዘር ሲያርፍ ላዩን ፕላዝማ ያደርገዋል፤ አተሞቹ ኤሌክትሮናቸውን የጣሉበት በጣም የጋለ ጋዝ ማለት ነው። ፕላዝማው ውስጥ ያለው የኤሌክትሮን ጥግግት ከአንድ ወሰን ካለፈ ደግሞ ብርሃኑን እንደ መስታወት ይመልሰዋል። ስለዚህ ሌዘሩ በቀጥታ የሚያገኘው ላይ ላዩን ብቻ ነው። ከሥር ያለው ቀዝቃዛ ብረት ሙቀቱን እየሳበ ያባክነዋል።

ቡና ሳትወቅጥ ፍሬውን እንዳለ ጀበና ውስጥ ከተህ ብታፈላው ምን ትጠጣለህ? ቀለም የነካው ውኃ። ቡናው አላነሰህም፤ ውኃው ውስጡ አልገባም።

ጥቂት ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ውፍረት ያለው ፎይል ላይ ግን ሁለት ምት ይላካል። ቅድመ ምቱ ደከም ያለ ነው። ፎይሉን አፈንድቶ ይበትነዋል፤ ሙቀጫው እሱ ነው ማለት ነው። ጥቂት ናኖሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) ቆይቶ ዋናው ምት ይደርሳል። አሁን ብረቱ ስለሳሳ ብርሃኑ ዘልቆ ይገባል፤ ዳር ዳሩን ሳይሆን ሁለመናውን ያግለዋል። አተሞቹ ኤሌክትሮናቸውን ይገፈፋሉ፤ ሁለት ያህል የቀራቸው ይበዛሉ። ከቀሩት አንዱ ወደ ላይ ተገፍቶ ወደ ቦታው ሲመለስ የብረቱን መለያ ራጅ ይሰጣል። ቲታኒየም 4.7፣ መዳብ 8.4 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ። አሜሪካ ሮቸስተር ያለው ባለ 60 ጨረር የኦሜጋ ሌዘር ላይ በሁለቱም ብረቶች ተሞክሯል። ከሌዘሩ ጉልበት ራጅ የሆነው ጥቂት በመቶ ነው፤ ወፍራም ብረት ከሚሰጠው ግን እጥፍና ከዚያ በላይ ነው።

ጉዱ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። ዋናው ምት ከቸኮለ ፎይሉ ገና አልተበተነም። ከዘገየ ደግሞ ከመጠን በላይ ስለሚሳሳ ብርሃኑ ሳይነካው ያልፋል። ተወቅጦ የከረመ ቡና በለው።

የወርክሾፕ ባለሙያ፦
መምህር፣ ሁሉም ገብቶኛል። ዋቱ ስንት ነው? የኛ ጀነሬተር 5 ኪሎ ዋት ናት፤ እሷም ስትነሳ ነው።

መምህር፦
ጋሼ፣ ጀነሬተሯን አያስፈሯት። አንድ ትንሽ የላቦራቶሪ ሌዘር 100 ሚሊጁል ይሰጣል እንበል። ያ አንድ ኪሎ ቡና አንድ ሴንቲሜትር ከፍ ለማድረግ የሚበቃ ጉልበት ነው። በ10 ናኖሰከንድ ውስጥ ሲለቀቅ ግን 10 ሜጋዋት ይሆናል። እዚሁ ጎረቤታችን ያለው ጊልጌል ጊቤ አንድ 184 ሜጋዋት መሆኑን ያስቡት።

ክፉው ዜና ደግሞ ይኸው። ይህን ከጸጉር በጠበበ ነጥብ ላይ ብናሰባስበው እንኳ አንድ ትሪሊዮን ዋት በካሬ ሴንቲሜትር አካባቢ ነን። የነቲታኒየም ራጅ በደንብ የሚወጣው ከመቶ ትሪሊዮን በላይ ሲኬድ ነው፤ ያውም በርካታ ጨረር በአንድ ጊዜ ፎይሉ ላይ ወርዶ። በዚህ ጉዳይ ራሳችንን አንደልል።

ሊቀመንበር፦
እንግዲያው ምን ልንጠይቅ ነው? ማንም የማይሰጠንን ለምነን ባዶ እጃችንን ከመመለስ ዛሬ እንወቀው።

ተማሪ፦
ሙቀጫውን ብቻ ብንሠራስ? ማለቴ ቅድመ ምቱን። ፎይሉ እንዴት እንደሚፈነዳና በምን ፍጥነት እንደሚበተን ብንለካ? ራጁ ይቅርብን።

መምህር፦
ልጄ፣ ተባረክ። ይሄን እኔ ማሰብ ነበረብኝ።

በትልልቆቹ ሌዘሮች ቅድመ ምቱም ራሱ ከኛ እጅግ ይበረታል። የኛው ታናሽ ወንድሙ ነው ብለን በግልጽ እንጻፍ። ግን ፎይል በቫኪዩም (አየሩ በወጣለት ዕቃ) ውስጥ ተመቶ ሲበተን በሁለተኛ ደካማ ጨረር የጥላውን ፎቶ ማንሳት ይቻላል። የሁለተኛውን ጨረር መንገድ በ30 ሴንቲሜትር ባስረዘምን ቁጥር አንድ ናኖሰከንድ ይዘገያል። መስታወት እያራቁ ጊዜ መቁጠር ነው። ከዚያ የተለካውን ኮምፒውተር ላይ ከምናሰላው ጋር እናስተያያለን። ስሌቱን መብራት ባለ ቀን ላፕቶፕም ይሠራዋል።

የወርክሾፕ ባለሙያ፦
እኔ ፎይሉን ልሞክር ብዬ ከቤት የምግብ መጠቅለያውን አመጣሁ። አሥር ድርብ አድርጌ በማይክሮሜትር ለካሁት፤ 0.15 ሚሊ ሜትር። አንዱ 15 ማይክሮን ነው ማለት ነው። እናንተ የምትሉት ከዚህ በብዙ ይሳሳል። ይሄንንም ቆርጬ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ረዳቴ አስነጠሰው፣ ሄደ። እስካሁን አልተገኘም። ስለዚህ በጣት የሚያዝ ነገር አይደለም። ቀዳዳ ባለው የናስ ቀለበት ላይ እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጥሮ ይለጠፍ። ቀለበቶቹን እኔ እቆርጣለሁ፤ አንድ ምት አንድ ፎይል ስለሚበላ ብዙ ያስፈልጋል። መቶ ብዬ ጻፉ።

ተማሪ፦
ብልጭታውን በስፔክትሮሜትር (ብርሃንን በየቀለሙ በሚለይ መሣሪያ) ካየነው ብረቱ ምን እንደሆነ ይነግረናል አይደል? ታዲያ በዚያው የቡና ማሳ አፈርም ብንመታስ?

መምህር፦
ይቻላል፣ የታወቀ ዘዴ ነው። ግን አንድ አንቀጽ ብቻ። ገንዘብ ሰጪዎች ቡና የሚል ቃል ሲያዩ ፎይሉን ይረሱታል።

የራጅ ባለሙያዋ፦
ደህንነት የሚለው ክፍል የት አለ? እንዲህ ያለ ሌዘር ብዙውን ጊዜ የጨረሩ የሞገድ ርዝመት 1064 ናኖሜትር ነው፤ ዓይን አያየውም። ከናስ ቀለበቱ ላይ ነጥሮ ዓይን ውስጥ ቢገባ ብልጭ ማለቱን እንኳ ሳታውቁ ሬቲና ይቃጠላል። ለዚያው የሞገድ ርዝመት የተሠራ መነጽር ለእያንዳንዱ ሰው፤ የፀሐይ መነጽር የሚያመጣ ሰው በሩ ላይ ይመለሳል። በሩ ላይም ሌዘሩን የሚያቋርጥ ማብሪያ ማጥፊያ ይደረግ። ይሄን ክፍል እኔ እጽፈዋለሁ። ካልገባ ግን አልፈርምም።

ጸሐፊ፦
ሁለተኛው ረቂቅ ይኸው፦ «ከስስ ፎይል በሌዘር የሚገኝ ራጅ ብቃቱ በብዙው የሚወሰነው ከዋናው ምት በፊት ፎይሉ በሚበተንበት ሁኔታ ነው። ማህበራችን ይህን የመጀመሪያ ደረጃ በትንሽ ሌዘር፣ በቫኪዩም ዕቃና በጥላ ፎቶ ይለካል፤ ከስሌት ጋርም ያነጻጽራል። ራጅ የማምረት ዕቅድ የለንም። ለሥልጠናና ለትብብር በደቡብ አፍሪካ የሚገኘውን የአፍሪካ ሌዘር ማዕከል እንጠይቃለን።»

ሊቀመንበር፦
«ራጅ የማምረት ዕቅድ የለንም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ደስ ብሎኛል። ወደ መጀመሪያው መስመር ይውጣ።

የወርክሾፕ ባለሙያ፦
የቫኪዩም ፓምፑስ? ያገለገለ እናገኛለን ወይስ አዲስ ብለን እንጻፍ? ያገለገለ ከሆነ ዘይቱን ሳላይ እንዳትገዙ።

ጸሐፊ፦
አዲስ ብዬ እጽፋለሁ፤ ከቆረጡን ያገለገለ እንፈልጋለን። የመነጽር ዋጋ ያለው እዚሁ ይለጥፍ። የደህንነቱን ክፍል እስከ ሐሙስ እጠብቃለሁ፣ እህቴ። ጋሼ፣ የጠፋው ፎይል ከተገኘ ያሳውቁን።

የወርክሾፕ ባለሙያ፦
ተገኝቷል። ረዳቴ ጫማ ሥር ነበር።