የፊቱን ቤት የገዛው ሰው መውጫችንን ሊዘጋ ነው፤ ምን መብት አለን?

የጓሮዋ ልጅ፦
ሰላም ወገኖች። ቤታችን አዲስ አበባ ነው። አያታችን ሲሞቱ ግቢው ለሁለት ተከፈለ፤ የፊቱ ለአጎቴ፣ የጓሮው ለእናቴ ደረሰ። የምንወጣው በአጎቴ ግቢ ጠርዝ በምታልፍ፣ መኪና በምታስገባ መተላለፊያ ነው። ሽማግሌዎች ፊት የተጻፈው ወረቀት «መውጫው የሁለቱም ነው» ይላል። አሁን አጎቴ ሸጦ ሄደ። ገዢው ሱቅ ሊሠራ መተላለፊያዋን አቋርጦ የመሠረት ኖራ አስምሯል፤ የውሃ ቧንቧችንም በዚያው ሥር ነው የሚያልፈው። ስናናግረው «ካርታዬ ውስጥ ነው» ይላል። ከኋላችን ገደል፣ ከገደሉ ሥር ወንዝ ነው። መዝጋት ይችላል?

ሰፈርተኛ፦
ካርታው ውስጥ ከሆነማ የሱ ነው፣ በቃ። ለምኑት።

የሕግ ሰው፦
ኧረ በቃ አይባልም! ይዞታው የሱ ቢሆንም እናንተ የማለፍ መብት ሊኖራችሁ ይችላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1359 ጀምሮ «የንብረት አገልግሎት» የሚለው ይህንኑ ነው፤ አንዱ መሬት ለሌላው መሬት ጥቅም ሲል የሚሸከመው ግዴታ። መብቱ የሰው ሳይሆን የይዞታው ስለሆነ እናትሽ ነገ ቢሸጡ ለገዢው ያልፋል።

እህቴ፣ ደካማው ነገር ወረቀታችሁ ነው። እንዲህ ያለ መብት የሚያቋቁም ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ አንቀጽ 1723 ያዛል። የሽማግሌ ወረቀት ብቻ ይዞ ከአዲስ ገዢ ጋር መሟገት ከባድ ነው። ቢሆንም ሕጉ ወደ መንገድ መውጫ ያጣ ይዞታ በጎረቤቱ በኩል እንዲያልፍ ይፈቅዳል፤ ለዚህ የሱ ፈቃድ አያስፈልግም፣ ካሳ ግን ትከፍላላችሁ። ገደሉን ያነሳሽው ለዚህ ነው የሚጠቅምሽ። መውጫው የግድ በዚያችው መስመር፣ በዚያው ስፋት ይሆናል ብለሽ ግን አትጠብቂ።

ቀያሽ፦
ከሁሉ በፊት የሁለቱንም ካርታ ከነሳይት ፕላኑ አስተያዩ። «ካርታዬ ውስጥ» ያለው በዓይን ግምት ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ መተላለፊያው በጋራ ተይዞ ይገኛል፤ እንደዚያ ከሆነ ክርክሩ ሌላ ነው። የግንባታ ፈቃድ ማውጣቱንም በጽሑፍ ጠይቁ፣ በቃል የሚሰጥ መልስ ዋጋ የለውም። ኖራው ሳይጠፋ ፎቶ አንሱት፣ ቧንቧው የሚገባበትንም ጭምር።

የሕግ ሰው፦
ትክክል። ቁፋሮ ከጀመረ ዛሬ ነገ ሳትሉ «ሁከት ይወገድልኝ» ብላችሁ፣ ማለትም መውጫችንን እንዳንጠቀም የሚያደርገን ድርጊት ይቁምልን ብላችሁ ክሰሱ፣ አብራችሁም ፍርድ ቤቱ ሥራውን ለጊዜው እንዲያስቆም እግድ ጠይቁ። አንቀጽ 1149 ለሁከት ክስ የሚሰጠው ሁለት ዓመት ነው፤ ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ ግን ሁለት ዓመቱ ብዙም አይጠቅማችሁም።

ወይዘሮ አልማዝ፦
ልጄ፣ ገዢውም ከፍሎ የገባ ሰው ነው፣ ጠላት አታድርጉት። አጎትሽን ይዛችሁ በሽማግሌ አነጋግሩት። ከተስማማ በዚያው ሳምንት ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ አስመዝግቡ፤ ዳግመኛ በተራ ወረቀት እንዳትሸወዱ።

የጓሮዋ ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አጎቴ ቅዳሜ እመጣለሁ ብሏል። አንድ ነገር ብቻ፦ ወንድሜ መኪናውን እዚያችው መተላለፊያ ላይ ያሳድራል። ይህስ ይፈቀዳል?

የሕግ ሰው፦
አይፈቀድም። የማለፍ መብት ለማለፍ ነው። ከቅዳሜ በፊት ያንሳው፣ ለገዢው ጥሩ መከራከሪያ አትስጡት።