«እያወቀች የዘገየች» ማለት ምን ማለት ነው?

የማለዳ ጤዛ፦
ትናንት ማታ በሬዲዮ የሰማሁት ነገር እንቅልፍ ነሥቶኝ አደረ። እንግዳው ስለ እርግዝና ደም ግፊት ደህና አድርጎ ሲያስረዳ ቆየና መጨረሻ ላይ፣ ዘግይተው ስለሚወልዱ ሴቶች፣ «እያወቀች የዘገየች ሴት ጣጣውን በልጇ ላይ ነው የምትጥለው» አለ። እኔ የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት በ39 ዓመቴ ነው። በ28 ያገባሁት ሰው «ትንሽ እንቆይ» እያለ ሰባት ዓመት ፈጀብኝ፤ ከዚያም ትቶኝ ሄደ። እኔ ነኝ የዘገየሁት?

ቆፍጣናው፦
እህቴ፣ በእርስዎ የደረሰውን ማንም አይክድም። ተፈጥሮ ግን ምክንያት አትሰማም። ሴት ልጅ ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን የሚደርስ እንቁላል ይዛ ትመጣለች፤ ከዚያ በኋላ መቀነስ እንጂ መጨመር የለም። ዳውን ሲንድረም (አብሮ የሚወለድ የአእምሮ እድገት ውስንነት) ያለበት ልጅ የመውለድ ዕድል በ30 ዓመት ከ900 አንድ ገደማ ነው፤ በ40 ከ100 አንድ፣ በ45 ከ30 አንድ ይደርሳል። ይህን መናገር ስድብ ነው?

አዋላጅ ነኝ፦
ቁጥሩ ልክ ነው፤ እኔም ለነፍሰ ጡሮች የምነግራቸው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ገልብጠው ይዩት። በ40 ዓመታቸው ከሚወልዱ 100 እናቶች 99ኙ ይህ አይገጥማቸውም። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው፤ ደም ግፊት፣ የእርግዝና ስኳር፣ የማሕፀን በር ላይ የተቀመጠ የእንግዴ ልጅ። ለእነዚህ መድኃኒቱ ቶሎ መምጣት ነው። «እያወቀች የዘገየች» የተባለች ሴት ግን ታፍራለች፤ ሆዷ እስኪገፋ ትደበቃለች። ደም ግፊት ለሚያሰጋት እናት የሚታዘዘው አነስተኛ አስፕሪን በደንብ የሚሠራው ከ16ኛው ሳምንት በፊት ሲጀመር ነው። በስድስተኛ ወሯ የመጣችውን ምን ላድርጋት?

ቆፍጣናው፦
ክትትል ይቅር ያለ የለም። ቃሉን የጠላችሁት እውነት ስለሆነ ነው። የተማረች ሴት 35 ዓመት ለእርግዝና ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች።

የመንትዮች አባት፦
35 ምንድን ነው? ገደል ነው? ቁጥሩ ሥር የሰደደው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ የሽርት ውሃ በመርፌ ተቀድቶ መመርመር ሲጀመር ነው። ምርመራው ጽንሱን የማስወረዱ ስጋትና ዳውን ሲንድረም የመገኘቱ ዕድል በዚያ ዕድሜ ተቀራራቢ ሆነው ስለተገኙ መለያ ተደረገ። በልደቷ ማግስት ሌላ ሰው የምትሆን ሴት የለችም። ባለቤቴ በ41 ስትወልድ እኔ 52 ነበርኩ፤ «እያወቀ የዘገየ» ያለኝ አንድም ሰው የለም። የአባት ዕድሜ በአንድ ዓመት በጨመረ ቁጥር ወደ ልጁ የሚተላለፈው አዲስ የዘረመል ለውጥም በሁለት ገደማ እንደሚጨምር ያውቃሉ?

ቆፍጣናው፦
ርዕሱን አይቀይሩ። የሚያረግዘው ወንዱ አይደለም።

የመንትዮች አባት፦
«ጣጣውን በልጇ ላይ» የተባለው ስለ ልጅ ነው። ልጁ የእኔም ነው።

ሁለቴ የሞከርኩ፦
እኔ ቆፍጣናውን በከፊል እደግፋለሁ። ዝነኞች በ47 ወለዱ ሲባል እየሰማሁ ተረጋግቼ ቆየሁ። በዚያ ዕድሜ ብዙውን ጊዜ እንቁላሉ ከወጣት ለጋሽ እንደሚወሰድ የነገረኝ አልነበረም። በ44 ዓመቴ በላቦራቶሪ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፤ የመጀመሪያው አልያዘም፣ ሁለተኛው በዘጠነኛው ሳምንት ወረደ። በ45 እና ከዚያ በላይ ከግማሽ የሚበልጠው እርግዝና እንደሚወርድ የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። እኔ አላወቅሁም። ለዚህ ነው «እያወቀች» የሚለው የሚያቃጥለኝ።

ቆፍጣናው፦
እግዚአብሔር ያጽናዎት። ይኸው፣ ያ ሰው እንድታውቁ ነው የተናገረው።

የማለዳ ጤዛ፦
«እንድታውቁ» እና «እያወቀች» አንድ አይደሉም! የመጀመሪያው ትምህርት ነው፣ ሁለተኛው ፍርድ። ለሬዲዮ ጣቢያው ደብዳቤ ጀምሬያለሁ፤ ያንን አንድ ቃል እንዲያነሡ ብቻ ነው የምጠይቀው። አዋላጅ እህቴ፣ ስለ አስፕሪኑ ያልሽውን ላስገባው?

አዋላጅ ነኝ፦
አስገቢው። ግን ሐኪም ሳያዝ ማንም እንዳይጀምረው ብለሽ ጻፊበት።

ቆፍጣናው፦
ቁጥሮቹም ከሰፈሩበት አብሬ እፈርማለሁ። ቃሉን ግን አላነሣም።