የመውጫ ፈተና የዲግሪ ፕሮግራሞቻችንን ዓለም አቀፍ ደረጃ ሊነግረን ይችላልን? (ክርክር)

የጥያቄው አቅራቢ፦

ብዙዎቻችሁ እንደምታስታውሱት፣ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ከ150 ሺህ በላይ ዕጩ ተመራቂዎች ተፈትነው፣ የማለፊያ ነጥብ የሆነውን 50 በመቶ ያገኙት 40.65 በመቶ ብቻ ነበሩ። በመንግሥት ተቋማት ካሉት 62.37 በመቶ፣ በግል ተቋማት ካሉት ደግሞ 17.2 በመቶ አለፉ። ከዚያ በፊት የአንድ ፕሮግራም ጥራት ይመዘን የነበረው የመማሪያ ክፍሎችን፣ የመጻሕፍትን ብዛትና የመምህራንን የትምህርት ደረጃ በመቁጠር ነበር። የተቆጠረው ሁሉ ተሟልቷል ተብሎ ፈቃድ የተሰጠው ተቋም ተማሪዎቹ በሙያቸው መሠረታዊ ጥያቄዎች ግማሹን እንኳ መመለስ ካቃታቸው፣ ቆጠራው ምን ለክቶ ነበር? ስለዚህ ፈተናው እስከ ዛሬ ካየናቸው መለኪያዎች ሁሉ ሐቀኛው ነው፤ የፕሮግራሞቻችንንም ዓለም አቀፍ ደረጃ ይለካል፤ «ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ» የሚለውን የማስታወቂያ ሐረግ የሚያጋልጥም እሱ ብቻ ነው እላለሁ። የማይስማማ ካለ ምክንያቱን ይግለጽልኝ።

የምህንድስና መምህር፦

ፈተናው አስፈላጊ መሆኑን አልቃወምም፤ ነገር ግን እርስዎ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርገዋል። ፈተናው የሚመዝነው ተፈታኙን ነው፤ ዓለም አቀፍ ደረጃ የሚባለው ግን የሚጠይቀው ስለ ፕሮግራሙ ነው። በእኔ ሙያ ያለውን ላንሳ። በ1989 እ.ኤ.አ. ስድስት አገሮች የፈረሙት የዋሽንግተን ስምምነት፣ ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ በ1999 እ.ኤ.አ. የገባችበት፣ የምህንድስና ዲግሪዎች በየአገሩ እንዲታወቁ የሚያደርግ ነው። ስምምነቱ ግን ለተማሪዎች የጋራ ፈተና አያዘጋጅም፤ እያንዳንዱን ዩኒቨርሲቲ ራሱ ሄዶ አይመረምርም። የሚመረምረው በየአገሩ ለፕሮግራሞች ዕውቅና የሚሰጠውን አካል ነው፤ ያ አካል ከታመነ እሱ ያመነው ፕሮግራም ይታመናል። ከተመራቂው ከሚጠበቁት ባሕርያት መካከል ወሰኑ በውል ያልተቀመጠ ችግርን መተንተን፣ በቡድን መሥራት፣ ሐሳብን በጽሑፍና በቃል ማስረዳትና የሙያ ሥነ ምግባር ይገኙበታል። ከእነዚህ ውስጥ በምርጫ ጥያቄ የሚለካው የትኛው ነው? ድልድይ የሚነድፍ ሰው ከአራት አማራጮች አንዱን አያጠቁርም።

ከዚህ የባሰውን ደግሞ ልጨምር። ትምህርቱ በሞጁል እንዲሰጥ በተደረገ ጊዜ በትራንስክሪፕታችን ላይ የአውሮፓው የክሬዲት መለኪያ ተጻፈ። በአውሮፓ አንድ ዓመት 60 ክሬዲት ሲሆን እያንዳንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት የሚደርስ የተማሪውን ሥራ ያመለክታል፤ ይኸውም ክፍል ውስጥ የሚያሳልፈውን ብቻ ሳይሆን ቤተ መጻሕፍት ውስጥና ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚደክመውን ጭምር ነው። እኛ ቁጥሩን ወሰድን፤ ተማሪው እነዚያን ሰዓታት በእርግጥ መሥራቱን ግን አንድም ቀን አልቆጠርንም። በወረቀት ላይ የአውሮፓ ሸክም አለን፤ በዶርም ውስጥ ያለው ግን መምህሩ ያደለው አጭር ማስታወሻ፣ ሀንድአውት፣ ብቻ ነው።

በአንድ የግል ኮሌጅ የጥራት ማረጋገጫ ክፍል ባልደረባ፦

ለ17.2 በመቶው መልስ መስጠት የሚገባኝ ሰው ነኝና በትዕግሥት ይነበብልኝ። መምህር ያነሡትን ልዩነት እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት የሚመጣ ሌላ ጥያቄ አለ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በ12ኛ ክፍል ፈተና የተሻለ ነጥብ ያመጡትን አስቀድመው ይቀበላሉ፤ የቀረው ወደ እኛ ይመጣል፤ ብዙዎቹም ቀን ሠርተው ማታ የሚማሩ ናቸው። በ62 እና በ17 መካከል ያለው ርቀት ማስተማራችን የፈጠረው ነው ወይስ ስንቀበላቸው የነበረ? ተማሪው ሲገባ የነበረበት ሳይመዘን ሲወጣ ያለበት ብቻ ቢመዘን፣ ያ የፕሮግራም መለኪያ ሊባል አይችልም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩም አንርሳ፤ ችግሩ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ አልተወለደም።

ሌላም ቅሬታ አለኝ። ለረጅም ዓመታት የዕውቅና ፈቃድና ዕድሳት ይጠየቅ የነበረው የግል ተቋም ብቻ ነው፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የጥራት ኦዲት ይደረግበታል እንጂ ፕሮግራም ሲከፍት ፈቃድ አይጠየቅም ነበር። ዓለም አቀፍ ደረጃ ስንል መጀመሪያ ሚዛኑ ለሁሉም አንድ ይሁን።

የጥያቄው አቅራቢ፦

የመጨረሻው ነጥብዎ ትክክል ነው፤ አልከራከርበትም። የመግቢያው ክርክር ግን ግማሽ መንገድ ብቻ ያስኬዳል። ተማሪው ደካማ ሆኖ መጥቶ ከሆነ፣ ለአራት ዓመት ክፍያ ተቀብሎ፣ በየሴሚስተሩ «አልፏል» ብሎ ውጤት የሰጠው ማን ነው? ትራንስክሪፕቱ ከ3 ነጥብ በላይ እያሳየ በመውጫ ፈተና የወደቀውን ልጅ የዋሸው የ12ኛ ክፍል መምህሩ አይደለም።

አሜሪካ የሚኖር ሐኪም፦

በውጭ አገር ዲግሪ እንዴት እንደሚታይ በራሴ ስላየሁት ጥቂት ልበል። ሰነዶቼን ያስገመገምሁ ጊዜ የኢትዮጵያን ፈተና ውጤት የጠየቀኝ አልነበረም። የተጠየቀው ተቋሙ በአገሩ መንግሥት የታወቀ መሆኑና ትራንስክሪፕቱ በቀጥታ ከሬጅስትራር መላኩ ነበር፤ የእኔ ዕውቀት የተለካው ከዚያ በኋላ ራሳቸው ባዘጋጁት የሐኪሞች ፈተና ነው። በሕክምና ትምህርት ነገሩ ወደ መምህር ሐሳብ ይጠጋል። የውጭ አገር ሐኪሞችን ማስረጃ የሚመረምረው የአሜሪካ ኮሚሽን በ2010 እ.ኤ.አ. ባስታወቀው አቋም፣ የሕክምና ትምህርት ቤቱ ዕውቅናውን ያገኘው የዓለም የሕክምና ትምህርት ፌዴሬሽን መስፈርት ባሟላ አካል መሆኑን መመልከት እንደሚጀምር ገልጾ ነበር። የተፈጻሚነቱን ጊዜና አኳኋን በኋላ ቢለውጠውም፣ አቅጣጫው ግልጽ ነው፤ ጥያቄው «ተማሪው ስንት አመጣ?» ሳይሆን «ትምህርት ቤቱን የመረመረውን ማን መረመረው?» ነው። እንግዲህ የመውጫ ፈተናው ለአገር ውስጥ ቀጣሪ ይጠቅም ይሆናል፤ ቦሌን ከተሻገረ በኋላ ግን ማንም አያነበውም።

በ2016 ዓ.ም. የተመረቀች፦

እኔ ያለፍሁ ነኝ። በመጨረሻው ሴሚስተር የትምህርት ክፍላችን ቱቶሪያልና ሞዴል ፈተና ብቻ ሲሰጠን ቆየ፤ የመመረቂያ ፕሮጀክታችንን አማካሪዬ በወጉ ያነበበው አይመስለኝም። ጥያቄዎቹ በእንግሊዝኛ በመሆናቸው ትምህርቱን የሚያውቁ፣ ነገር ግን ጥያቄውን በትክክል መረዳት ያቃታቸው ጓደኞች ነበሩኝ። ፈተናው እንዲቀር አልፈልግም። ባይኖር ኖሮ እነዚያን መጻሕፍት ፈጽሞ እንደማላገላብጣቸው ግን አውቃለሁ።

የምህንድስና መምህር፦

እኅቴ የተናገረችው የምፈራውን ነው፤ ፕሮጀክቱ ለፈተናው ቦታ ለቀቀ።

የጋራ ፈተና ድንበር ተሻግሮ ሊሠራ ይችል እንደሆነ የተሞከረበት ጊዜ ስላለ እሱን ላስታውስ። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በምህጻረ ቃል አሄሎ በተባለ የሙከራ ጥናት በ17 አገሮች ወደ 23 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችን በሲቪል ምህንድስና፣ በኢኮኖሚክስና በአጠቃላይ የማሰብ ክህሎት ፈትኖ ነበር። ውጤቱ በ2013 እ.ኤ.አ. ከታተመ በኋላ ወደ ዋናው ምዕራፍ አልተሸጋገረም፤ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ያሏቸው አገሮች ጭምር ለመቀጠል ፈቃደኛ አልነበሩም። ያላቸው ገንዘብ ከእኛ የሚበልጥ አገሮች በአንድ ፈተና መስማማት ካቃታቸው፣ የእኛን ብሔራዊ ፈተና ዓለም አቀፍ ሚዛን ብሎ መጥራት ድፍረት ነው።

ከራሳችን ሰፈር የተሻለ ምሳሌ አለ። የሕግ ትምህርት ቤቶች የመውጫ ፈተናን ከሌሎቻችን ከዐሥር ዓመት በላይ ቀድመው ጀምረዋል። ሐሳቡ የመጣው ግን በ1998 ዓ.ም. ከተቀረጸው የሕግ ትምህርት ማሻሻያ ጋር ነው፤ ማለትም መጀመሪያ ተመራቂው ምን ሊችል እንደሚገባው ተነጋገሩ፣ ፈተናው ያንን ተከትሎ መጣ። እኛ ዘንድ ቅደም ተከተሉ ተገላብጧል።

የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ትምህርት ክፍል በየዓመቱ ከከፍተኛ፣ ከመካከለኛና ከዝቅተኛ ውጤት የተውጣጡ ጥቂት የመልስ ወረቀቶችንና የመመረቂያ ፕሮጀክቶችን፣ የተማሪውን ስምና የተሰጠውን ውጤት ሸፍኖ፣ በሌላ ዩኒቨርሲቲ ለሚገኝ ተመሳሳይ ክፍል ይላክ። እነሱ እንደገና ያርሙ። ለማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍ የውጭ ፈታኝ መጥራት ልማዳችን ነው፤ ለመጀመሪያ ዲግሪ የማይሆንበትን ምክንያት አላውቅም።

የግል ኮሌጁ ባልደረባ፦

እስማማለሁ፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ፦ የእኛም ወረቀት ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ወረቀት ጋር ተቀላቅሎ፣ የተቋሙ ስም ሳይታይ ይታረም። ምሥጢሩ ከተጠበቀ የእርማቱን ወጪ ኮሌጃችን እንዲሸፍን እጠይቃለሁ።

የጥያቄው አቅራቢ፦

እንግዲያው ያነሣሁትን ጥያቄ ላስተካክል። ፈተናው ሐቀኛ ነው ያልሁትን አልተውም፤ መዋሸታችንን የነገረን እሱ ነውና። ዓለም አቀፍ ደረጃን ይለካል ያልሁትን ግን እተዋለሁ። መምህር፣ ከእርስዎ ክፍል የሲቪል ምህንድስና ፕሮጀክቶችን ማግኘት ከተቻለ፣ ከግል ኮሌጁም የዚያኑ ያህል ቢመጣ፣ የሚያርም ሦስተኛ ዩኒቨርሲቲ ለመፈለግ እኔ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ። ስንት ወረቀት ይበቃል?

የምህንድስና መምህር፦

ከእያንዳንዳችን ዘጠኝ፤ ከከፍተኛው ሦስት፣ ከመካከለኛው ሦስት፣ ከዝቅተኛው ሦስት። ከእኔ ክፍል የሚመጡትን ፕሮጀክቶች ግን እኔ ራሴ አልመርጥም፤ ሬጅስትራር በዕጣ ያውጣቸው።