ጀርመንኛ እውነት ያን ያህል ከባድ ነው? ከጅማ ሆኜ ልጀምር ነበር

ነርሷ፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ጅማ ነው ያለሁት፣ ነርስ ነኝ፣ ጀርመን ሄጄ በሙያዬ መስራት እፈልጋለሁ፣ ለነርስ ቢ2 እንደሚጠይቁ አውቃለሁ (የቋንቋ ደረጃ ነው፣ ከጀማሪው ኤ1 ተነስቶ ኤ2፣ ቢ1፣ ቢ2 እያለ ይሄዳል)። ችግሩ ለማን ብነግር "ጀርመንኛ? አምስት አመት ይፈጃል፣ ተዪው" ነው የሚሉኝ። አንድ ጓደኛዬ ኤ1 ላይ አቁማ ደብተሯን ሰጠችኝ፣ ገልጬ ሳየው ዴር፣ ዲ፣ ዳስ የሚል ሰንጠረዥ ገጹን ሞልቶታል፣ መልሼ ዘጋሁት። ናይት እገባለሁ፣ ሰፈሬ ክላስ አላገኘሁም። የተማራችሁ እውነቱን ንገሩኝ በናታችሁ።

ቡና በጨው፦
ጀምሪ እህቴ። ያስደነገጠሽ ሰንጠረዥ እውነት ያናድዳል፣ እያንዳንዱ ስም ፊቱ ላይ ዴር (ወንድ)፣ ዲ (ሴት) ወይ ዳስ (ሁለቱንም ያልሆነ) ይይዛል፣ ሴት ልጅን እንኳን "ዳስ ሜድኽን" ነው የሚሏት፣ ወንድም አይደለች ሴትም አይደለች። ግን መላ አለው፣ መጨረሻው "ሃይት" ወይ "ካይት" ከሆነ ዲ ነው፣ እንደ ሜድኽን ማሳነሻ "ኽን" ካለበት ዳስ። የቀረውን ቃሉን ስትይዢ ከነዴሩ ያዢው፣ እኔ ቃሉን ብቻ ሸምድጄ ኋላ እንደገና ከዜሮ ነው የጀመርኩት። አኩዛቲቭ የሚሉት ደሞ የኛው "ን" ነው እኮ! ቡናው ዴር ካፌ ነው፣ ቡናውን እጠጣለሁ ስትይ "ኢኽ ትሪንከ ዴን ካፌ"፣ ዴር ዴን ሆነ አለቀ። ዲ እና ዳስ እዚህ ጋ ንቅንቅ አይሉም። "ቡናው ጠጣሁ" ብለሽ አታውቂም አይደል፣ በቃ ታውቂዋለሽ። ክላስ ከሌለ ዶይቸ ቬለ ከኤ1 እስከ ቢ1 ነፃ የቪዲዮ ኮርስ አለው።

የሄርማታ ልጅ፦
አታሞኟት ባካችሁ ከባድ ነው። ኤ1 ላይ ሁሉም ይስቃል፣ ዳቲቭ (እንደኛ "ለእሷ" የምንለው "ለ") ሲመጣ "ዲ" የነበረችው "ዴር" ሆና ትመጣልሻለች ያኔ ሳቁ ያልቃል። የቢ1 ፈተና አራት ክፍል ነው፣ ማንበብ መስማት መፃፍ መናገር፣ ከእያንዳንዱ ከ100 60 ማምጣት አለብሽ። እኔ ሶስቱን አልፌ መናገር ላይ ወደቅኩ ምክንያቱም ከስልክ ጋር ብቻዬን ስማር ከርሜ አፌን ከፍቼ ለማንም አውርቼ አላውቅም፣ ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዤ አዲስ አበባ ፈታኟ ፊት ቁጭ ብዬ "እ... እ..."። ደግነቱ የወደቅኩትን ክፍል ብቻ ነው የደገምኩት። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሳምንት የምታወሪው ሰው ፈልጊ፣ በቴሌግራም ቮይስም ቢሆን። የጀርመኑ የቋንቋ ተቋም ጎተ ኢንስቲትዩት ለቢ1 ከ350 እስከ 650 የ45 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ይላል፣ በቀን አንድ ሰዓት ካልዘለልሽ ከ9 ወር እስከ 16 ወር መሆኑ ነው። አምስት አመት ያለሽ ሰው ግን ዋሽቶሻል።

ጋሽ ላይፕዚግ፦
ልጄ፣ እኔ በደርግ ጊዜ ምስራቅ ጀርመን ነው የተማርኩት፣ ላይፕዚግ ሄርደር ኢንስቲትዩት መጀመሪያ ቋንቋውን ያስይዙን ነበር። ፈረንጁ ሁሉ ግሱ መጨረሻ ሄደብኝ ብሎ ሲያማርር እኛ ሀበሾቹ ምኑ ነው የከበዳቸው እንል ነበር፣ "ቫይል ኢኽ ካይነ ጻይት ሃበ" ማለት "ጊዜ ስለሌለኝ" ነው፣ "ሃበ" መጨረሻ፣ "ስለሌለኝ" መጨረሻ። የጅማ ልጅ ከሆንሽ ኦሮምኛም አያቅትሽም፣ አናባቢ ስታስረዝሚ ትርጉም እንደሚቀየር ታውቂያለሽ፣ ጀርመንኛም እንደዛው ነው፣ "ሽታት" ባጭሩ ከተማ፣ ሲረዝም መንግስት። እኔን ያሳበደኝ ቁጥር ነው። 65ን "አምስትና ስልሳ" ነው የሚሉት። ስልክ ቁጥር ሲነግሩኝ 56 ብዬ ጽፌ ማታ አንዲት የማላውቃት አሮጊት ቀስቅሼ ተሰድቤያለሁ፣ የስድቡ ግማሽ አልገባኝም። አንቺ ደሞ ነርስ ነሽ፣ የመድኃኒት መጠን በጆሮሽ ሰምተሽ ልትጽፊ ነው፣ ቁጥሩን ከሁሉም በፊት ልመጂ።

ነርሷ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። የቁጥሩ ነገር አስፈራኝ ግን ደብተሩን ዛሬ ከፍቼዋለሁ። ሞክሬ ይኸው፦ "ኢኽ ሌርነ ዶይች፣ ቫይል ኢኽ አይነ ክራንከንሽቬስተር ቢን"፣ ጀርመንኛ እማራለሁ፣ ነርስ ስለሆንኩ ለማለት ነው። ሳቁብኝ አሁን።

ቡና በጨው፦
ማን ይስቃል፣ "ቢን" ቦታዋን ይዛለች። ሙያ ሲነገር ግን "አይነ" አይገባም፣ "ኢኽ ክራንከንሽቬስተር ቢን" በቃ። ነገ ማታ ቮይስ ላኪ፣ ናይት ካልገባሽ።